«የተሸነፈ አምስት ዓመት ይጠብቅ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ ሲያነበው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ሐሳቡ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ኢትዮጵያ አሁን ያላት የምርጫ ሥርዓት ይበቃታል። የተመጣጣኝ ውክልና ጥያቄ በድምፅ የተሸነፉ ፓርቲዎች በጓሮ በር ፓርላማ ለመግባት ያመጡት ነው። የተሸነፈ አምስት ዓመት ጠብቆ እንደገና ይሞክር። ጸሐፊው ለዚህ ስድስት ያህል ምክንያት ደርድረዋል። ስድብ የለበትም፣ ፍረጃም የለበትም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ምክንያቶቹን ግን አብዛኞቹን አልቀበልም። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ እየመጣ ነው። ስለ ድምፃችን ዋጋ አሁን ካልተነጋገርን መቼ ልንነጋገር ነው?

አስቀድሜ ሥርዓቱን ላስታውስ። ሁሉም አንባቢ የሕግ ሰው አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ያልፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከሁለተኛው በአንድ ድምፅ ቢበልጥ ይበቃዋል። የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በተመጣጣኝ ውክልና ግን ከመቶ 20 ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ከመቶ 20 ገደማ ወንበር ያገኛል። ቅይጥ የሚባለው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስኬድ ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

ብዙ ያገኘ ይመራል፣ ያነሰ ይቀበላል

ይህ የመጀመሪያው ነጥባቸው ነው። ግማሹ ልክ ነው። በአንቀጽ 56 መሠረት መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ጸሐፊው መንግሥትንና ምክር ቤትን አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። መንግሥት ይወስናል፣ ይሠራል። ምክር ቤት ይወክላል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጣጠራል። አገር የሚመራው አንድ ወገን ስለሆነ ብቻ ጠያቂውም ያው ወገን ይሁን ማለት አይቻልም። ራሱን የሚጠይቅ መንግሥት ደግሞ አላየንም።

ሌላው፣ ብዙ የሚባለው ስንት ነው? ለምሳሌ በአንድ የምርጫ ክልል 50,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አምስት ተወዳዳሪ አለ። አንደኛው 16,000፣ ሁለተኛው 14,000፣ ሦስተኛው 10,000፣ የቀሩት 6,000 እና 4,000 አገኙ። 16,000 ያገኘው ፓርላማ ገባ። ያልመረጡት 34,000 ሰዎች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ያልፈለጉት ሰው የሦስቱም ወኪል ሆነ ማለት ነው። በአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ይታለፋል። በመቶ የምርጫ ክልሎች ሲደጋገም ግን የአገር መልክ ይቀየራል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነው ይኸው ነው። ሌበር ፓርቲ ከመቶ 33.7 ድምፅ አግኝቶ ከ650 ወንበር 411ዱን ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ ከመቶ 14.3 አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ደረሰው። ፓርቲውን መውደድና መጥላት ሌላ ጉዳይ ነው። ሒሳቡ ግን ሒሳብ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ። ያኔ ኢሕአዴግን የመረጠ የአዲስ አበባ ነዋሪ አልነበረም? ነበረ። በፓርላማ ግን አዲስ አበባን ወክሎ የእሱን ሐሳብ የሚናገር አንድም ሰው አልነበረውም። በ2013 ደግሞ ብልጽግና ከ23ቱ 22ቱን አገኘ፤ የቀረውን አንድ ወንበር የግል ተወዳዳሪ ወሰደ። ሌሎች ፓርቲዎችን የመረጡት አዲስ አበቤዎች ዜሮ። ስለዚህ ጥያቄው የተሸናፊ ፓርቲዎች ብቻ ነው የሚለው አያስኬድም። ይህ ሕግ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ባዶ ያስቀራል።

በ2013 ምርጫ ማግስት በሰፈሬ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ለማየት ሄጄ ነበር። የተወዳዳሪዎቹ ስም በአንድ በኩል፣ ያገኙት ድምፅ በሌላ በኩል ተጽፎ ማኅተም ተመቶበታል። ሰው ተሰብስቦ ያነባል። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ፣ የመረጡት ሰው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቁጥሩ ትንሽ ነበር። «እኔም እዚህ ውስጥ አለሁ» አሉ፣ አጠገባቸው ለቆመው ወጣት። ዝናብ አስፈርቷቸው፣ ሌሊት ተነሥተው፣ ረጅም ሰልፍ ተሰልፈው የሰጡት ድምፅ ነው። ያ ቁጥር ከዚያ በር አልፎ የትም አልደረሰም። እኔ ስለ ውክልና ስናገር በዓይኔ የሚመጡት እኚህ ሰው ናቸው። የየትኛውም ፓርቲ ሊቀመንበር አይደለም።

ተመጣጣኝ ውክልና ደካማ መንግሥት ያመጣል

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

የጸሐፊው ምሳሌ እስራኤል ናት። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት አምስት ጊዜ ምርጫ አካሂዳለች። እውነት ነው። እስራኤል ግን አገሩ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል የሚቆጠርባት፣ ፓርላማ ለመግባት ከመቶ 3.25 ድምፅ ብቻ የሚበቃባት አገር ናት። ጸሐፊው ጀርመንን ለምን ዘለሏት? ጀርመን ቅይጥ ሥርዓት ነው ያላት። የመግቢያ ገደቧ ከመቶ 5 ነው። ሔልሙት ኮል 16 ዓመት መሩ። አንጌላ መርክልም 16 ዓመት መሩ። የጥምር መንግሥት መሪዎች ነበሩ፤ ደካማ ነበሩ የሚላቸው ግን የለም። ደቡብ አፍሪካም ከአፓርታይድ ስትወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ተመጣጣኝ ውክልናን መረጠች። ኤኤንሲ በዚያ ሥርዓት 30 ዓመት ብቻውን አብላጫ ይዞ ገዛ። በ2024 ድምፁ ወደ ከመቶ 40 ሲወርድ ደግሞ ከሌሎች ጋር ተስማምቶ መንግሥት መሠረተ። አገር አልፈረሰም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የእኛ ሥርዓት መረጋጋት ሰጥቶናል ወይ?

የሆነውን እናስታውስ። በ1997 ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ ተባለ። ውዝግቡ፣ ግድያው፣ እስሩ የሚረሳ አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ የመድረክ ተወካይ፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ። የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ አምስት ዓመት ሙሉ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ሆነው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ዜና ስንሰማ አዋጁ «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው የተለመደ ነበር። ያ አንድ ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። በ2007 ደግሞ እሱም ቀረ። 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። መቶ በመቶ።

ጸሐፊው ጠንካራ መንግሥት የሚሉት ይህን ከሆነ ከዚህ በላይ ጥንካሬ ሊኖር አይችልም። ውጤቱስ? አዲሱ መንግሥት በተመሠረተ በሁለተኛው ወር፣ በኅዳር 2008፣ ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ወጡ። ተቃውሞው ኦሮሚያን አዳረሰ። ክረምቱ ሳይወጣ ጎንደርና ባሕር ዳር ተቀጣጠሉ። በመስከረም 2009 ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል ወደ ሐዘን ተለወጠ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለቀቁ። ፓርላማውን መቶ በመቶ የያዘ መንግሥት ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መሪው ለቀቁ ማለት ነው። በዚያው የካቲት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙ። አንድም ተቃዋሚ ፓርቲ በሌለበት ምክር ቤት!

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የምርጫ ቀመር ብቻ ነው አላልኩም። መሬት ነበረ፣ ሥራ አጥነት ነበረ፣ እስር ነበረ። ግን ያ ሁሉ ቅሬታ በምክር ቤቱ ወለል ላይ የሚናገርለት ሰው አልነበረውም። አስፋልት ላይ ወጣ። ሰው በወኪሉ አፍ መናገር ሲያቅተው በድንጋይና በጎማ ይናገራል። ይህን በጊንጪ፣ በጎንደር፣ በኮንሶ አይተነዋል። መረጋጋት ከወንበር ብዛት ይመጣል የሚለው ክርክር ከ2008 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ወድቋል፤ ወድቆም የብዙ ወጣቶችን ሕይወት ይዞ ሄዷል። ጸሐፊው ስለ እነዚያ ዓመታት አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋቸው በጣም አሳዝኖኛል።

ደግሞም ይህን ያለው ተቃዋሚ ብቻ አይደለም። መስከረም 30 ቀን 2009 ፕሬዝዳንት ሙላቱ ተሾመ ሁለቱን ምክር ቤቶች ሲከፍቱ የተለያዩ ድምፆች እንዲወከሉ የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል በመንግሥት ስም ተናግረዋል። ቀጥሎ ኢሕአዴግ ከተቃዋሚዎች ጋር ተደራድሮ ከመቶ 80 በአብላጫ ድምፅ፣ ከመቶ 20 በተመጣጣኝ ውክልና በሚሆን ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማምቶ ነበር። ከዚያ ለውጡ መጣ፤ ስምምነቱ ሳይተገበር ቀረ። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 የድሮውን ሥርዓት እንደያዘ ቀጠለ። ስለዚህ ሐሳቡ የተሸናፊዎች የጓሮ በር ነው ማለት አይቻልም። መቶ በመቶ ያሸነፈው ወገን ራሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ነበር።

የብሔር ፓርቲዎችን ያባዛል

ይህ ስጋት የብዙ ቅን ሰዎች ስጋት ነው። አገር ወዳድ ሆነው የሚፈሩ ሰዎች አውቃለሁ። ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚመቸው ለማን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። አንድ ፓርቲ በአገሪቱ ሁሉ በየምርጫ ክልሉ ከመቶ 10 ድምፅ አገኘ እንበል። በአሁኑ ሕግ የሚደርሰው ወንበር ዜሮ ነው። ሌላ ፓርቲ በአገር ደረጃ ከመቶ 1 ብቻ አገኘ። ግን ድምፁ በሙሉ በአንድ ዞን ውስጥ ነው። የዞኑን ወንበሮች በሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ አሁን ያለው ሕግ ፓርቲዎችን «ተበትናችሁ አትድከሙ፤ አንድ አካባቢ ያዙና እዚያው ተከማቹ» ነው የሚላቸው።

የ2013 ውጤት ይህንኑ ያሳያል። ከብልጽግና ውጪ ወንበር ያገኙት አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 ናቸው። በዜግነት ፖለቲካ ቆሜያለሁ ብሎ በብዙ ክልሎች እጩ ያቀረበው ኢዜማ 4 ሲያገኝ፣ በአንድ ዞን የተወዳደረ ፓርቲ 2 አገኘ። የጌዴኦ መራጮችን አልነቅፍም፤ ወኪላቸውን አገኙ፣ እሰየው። የኢዜማ መራጭ ግን በየከተማው ተበትኖ ስለሚኖር ድምፁ በየቦታው ቀለጠ።

የተበተነ ስል ስለ ፓርቲ ብቻ አይደለም። ኦሮሚያ ውስጥ የሚኖር አማራ፣ አማራ ክልል ውስጥ የሚኖር ኦሮሞ፣ ከአገር አገር ሠርቶ የሚኖር ጉራጌ፣ በየትኛውም የምርጫ ክልል ብዙኃን መሆን የማይችል ሰው አለ። ሕገ መንግሥቱ ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር ይጠብቃል። ጥሩ ነው። ያ ግን በአንድ ቦታ ተሰባስቦ ለሚኖር አናሳ እንጂ ለተበተነው አይደርስለትም። በአገር አቀፍ ወይም በክልል ዝርዝር የሚሰጥ ድምፅ ለተበተነ ሰው ይደማመርለታል። የጅማው፣ የደሴው፣ የሐዋሳው ድምፅ አንድ ላይ ተቆጥሮ ወንበር ይሆናል።

አንዳንድ ጽንፈኛ ፓርቲም በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ወንበር ሊያገኝ ይችላል፤ አልክድም። በምክር ቤት ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ፓርቲ ጫካ ገብቶ ከሚተኩስ ይሻለኛል።

መራጩ ወኪሉን ያውቃል፤ ዝርዝር ሲመጣ ወኪሉ የፓርቲ አለቃ ሎሌ ይሆናል

ጸሐፊው በጣም ጠንካራ የሆኑት እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ፓርቲው ነው። ከላይ የተጻፈ ያልፋል፣ ከታች የተጻፈ ይቀራል። ስለዚህ ተመራጩ ከሕዝቡ ይልቅ አለቃውን ይፈራል። ደቡብ አፍሪካም ውስጥ ይህ ቅሬታ ለዓመታት ሲነሣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የግል ተወዳዳሪዎች እንዲፈቀዱ እስከ መወሰን ደርሷል። እኔም ሙሉ በሙሉ ዝርዝር ይሁን አልልም። የምከራከረው ለቅይጡ ነው፤ የየምርጫ ክልሉ ተመራጭ ባለበት ይቆያል።

ግን አሁን መራጩ ወኪሉን ያውቀዋል ወይ? በሥራ ቦታዬ ምሳ ላይ ይህን ጥያቄ አነሣሁ። አንዱ የክፍለ ከተማውን ሥራ አስፈጻሚ ስም ጠራ። ሌላዋ የምታውቀው ወረዳዋን ብቻ ነው። የፓርላማ ወኪሉን ስም የነገረን አንድ ሰው ነበር። እሱም ምርጫ ታዛቢ ሆኖ ስለሠራ ነው። ሰዎቹ ግድ የለሽ ሆነው አይደለም። ጉዳይ ኖሯቸው ወደ ፓርላማ ወኪል ሄደው አያውቁም፤ ሄዶ መፍትሔ ያገኘ ሰውም አላጋጠማቸውም።

ምክንያቱ አንደኛ፣ አሁንም ቢሆን እጩውን የሚመርጠው ፓርቲው ነው። አለቃን መፍራት በዝርዝር አልተጀመረም። ሕገ መንግሥቱ መራጭ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሣው እንደሚችል በአንቀጽ 54 ይናገራል። መራጩ ይህን መብቱን እንዲጠቀምበት ግን ማን አስተማረው?

ሁለተኛ፣ የምርጫ ክልሎቹ አርጅተዋል። አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ፣ የምርጫ ክልል ወሰንም በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን ያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ነው። ያኔ 73.8 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። በ547 ሲካፈል ለአንድ ወኪል በአማካይ 135,000 ሰው ይደርሰዋል። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆንን ይገመታል። በዚህ ግምት አንድ ወኪል በአማካይ ከ200,000 ሰው በላይ ይወክላል። የወንበሩ ቁጥር ግን በሕገ መንግሥቱ ከ550 እንዳይበልጥ ታስሯል። የአዲስ አበባን ዳርቻ ተመልከቱ። የትናንት እርሻ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። መቶ ሺዎች ገብተዋል። የወንበሩ ቁጥር ግን ያው 23 ነው። የወኪልና የመራጭ ቅርበት የሚያሳስበን ከሆነ መጀመሪያ የምንጮኸው ለቆጠራው ነው። ጸሐፊው በዚህ ቢያግዙን ደስ ባለኝ።

ተቃዋሚዎች ሚኒስትር ሆነዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?

በዚህ ላይ አልቆይም። በ2014 መጀመሪያ በተቋቋመው ካቢኔ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ፣ አቶ በለጠ ሞላና አቶ ቀጀላ መርዳሳ መሾማቸው በጎ ነገር ነው። በእኛ አገር ታሪክ ትንሽ እርምጃ አይደለም። ሹመት ግን ውክልና አይደለም። የሾመ ይሽራል። ሚኒስትር ካቢኔው የወሰነውን ይዞ ይወጣል እንጂ ካቢኔውን በአደባባይ አይጠይቅም። የተቃዋሚ መሪ ካቢኔ ሲገባ እንዲያውም ጠያቂው በአንድ ይቀንሳል። መራጩ የፈለገው ሰውዬው ቢሮ እንዲያገኝ አልነበረም። የእሱን ጉዳይ በምክር ቤት እንዲያነሣለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም፤ ጊዜውም አይደለም

ሕገ መንግሥቱ ላይ ያሉት ትክክል ነው። አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅን በስም ጠቅሶ አስቀምጧል። ስለዚህ በተራ አዋጅ አይቀየርም። ግን የሚሻሻልበት መንገድ በዚያው ሰነድ ተጽፏል። በአንቀጽ 105 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሲቀበሉት ይሻሻላል። ለመሠረታዊ መብቶች ምዕራፍ የሚጠየቀው የሁሉም ክልሎች ስምምነት ለዚህ አይጠየቅም። ገዢው ፓርቲ ከፈለገ ቁጥሩ አለው። በ2013 በመጀመሪያው ዙር ብቻ ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አግኝቷል። ሀገራዊ የምክክር ኮሚሽንም በ2014 የተቋቋመው እንዲህ ያለ መሠረታዊ ጉዳይ ላይ እንድንነጋገር ነው።

ጊዜው አይደለም ለሚለው ግን ልቤ ከባድ ነው። ድምፅ መስጫ ጣቢያ መክፈት በማይቻልበት ቦታ የትኛውም ቀመር አይሠራም። የትግራይ 38 ወንበሮች በ2013 ምርጫ ስላልተካሄደባቸው በዚህ የምክር ቤት ዘመን ባዶ ናቸው። በሌሎች ክልሎችም በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ያልሰጡ አካባቢዎች ነበሩ። አማራ ክልልና ኦሮሚያ ውስጥ ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት የተቸገረባቸው ቦታዎች አሉ። ሰላም ይቅደም ለሚል ሰው መልሴ አዎ ነው። ሰላም ሲመጣ ግን መሣሪያውን ያስቀመጠው ወገን የት ይቀመጥ? ዞኑን ካላሸነፈ ዜሮ በሚያስቀር ሕግ ውስጥ ገብቶ እንዲወዳደር ብንጠይቀው ምን ብለን እናሳምነዋለን? የምርጫ ሕጉን ማሻሻል ከሰላሙ በኋላ የሚመጣ ቅንጦት አድርጌ አላየውም። የሰላሙ አንድ ክፍል ነው።

ለሰባተኛው ምርጫ አይደርስም፤ እሱን አውቃለሁ። ለስምንተኛው እንዲደርስ ግን ሥራው ከዚህኛው ምክር ቤት ቀጥሎ በሚመጣው የመጀመሪያ ዓመት መጀመር አለበት። ምርጫ ሲቃረብ የሚነሣ ማሻሻያ ሁሉ የተንኮል ይመስላል።

የቱ ቅይጥ?

ጸሐፊው በመጨረሻ አንድ ቁም ነገር አንሥተዋል። ከመቶ 20 ብቻ በተመጣጣኝ ቢሰጥ ምን ለውጥ ያመጣል ይላሉ። እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ የእኔ ድምዳሜ ግን ከእሳቸው ይለያል።

550 መደበኛ ወንበር ላይ የእሱን ከመቶ 20፣ ማለትም 110፣ ጨመርን እንበል። ጠቅላላው 660 ነው። አንድ ፓርቲ ከመቶ 60 ድምፅ አግኝቶ 550ዎቹን የምርጫ ክልሎች በሙሉ አሸነፈ። 110ሩ ለብቻቸው በድምፅ ድርሻ ቢከፋፈሉ ከእነሱም 66ቱን ይወስዳል። ድምሩ 616 ነው፤ ከመቶ 93 ማለት ነው። ከመቶ 40 የሆነው መራጭ 44 ወንበር ይደርሰዋል። ከዜሮ ይሻላል፤ ግን ፍትሕ አይደለም።

ሌላ አሠራር አለ። 110ሩ የሚሰጡት በምርጫ ክልል ድምፃቸው ለባከነባቸው ነው። አስቀድሞ ከድርሻው በላይ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ከእነዚህ አይካፈልም። በዚህ አሠራር ያው አሸናፊ ፓርቲ 550 ይዞ ይቀራል፤ 110ሩ በሙሉ ለሌሎቹ ይሄዳሉ። አሸናፊው አሁንም ከመቶ 83 አለው። መንግሥት ለመመሥረት፣ በጀት ለማጽደቅ፣ ሕግ ለማውጣት ማንንም አይለምንም። ግን 110 ጠያቂ ፊቱ ይቀመጣል።

ይህን የሞከረች አፍሪካዊት አገር አለች፤ ሌሶቶ። እ.ኤ.አ. በ1998 ገዢው ፓርቲ ከመቶ 60 ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ከመቶ 24 ያህል ያገኘው ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ 1 ወንበር ደረሰው። ዋና ከተማዋ ማሴሩ ታመሰች፣ ሱቅና ቢሮ ተቃጠለ፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ድንበር አቋርጦ ገባ። ከዚያ ተነጋገሩ። 80ውን ትተው 40 ማካካሻ ወንበር ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ምርጫ ያው ገዢ ፓርቲ አሸነፈ፣ መንግሥትም መሠረተ። 40ዎቹን ሌሎች ፓርቲዎች ተካፈሏቸው፤ ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ ብቻውን 21 አገኘ። ማሴሩ አልተቃጠለችም። ሌሶቶ ከዚያ በኋላ ችግር አላጣትም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓርቲዎች ማካካሻውን በብልሃት ለመዝረፍ ሞክረው ሕጉ መስተካከል ነበረበት፤ ቆይቶም ጥምር መንግሥቶቿ በየጊዜው ወድቀዋል። የወደቀ ጥምረት ግን በምርጫ ይተካል። ለተቃጠለ ከተማና ለሞተ ሰው ምትክ የለውም።

የመግቢያ ገደቡ በአገር ደረጃ ከመቶ 2 ቢሆን ለእኛ የሚበጅ ይመስለኛል። 5 ብንል የትናንሽ ሕዝቦች ፓርቲዎች ይታፈናሉ። ምንም ገደብ ባናደርግ የስም ፓርቲዎች ይፈላሉ። 110 ይብዛ፣ 80 ይበቃል፣ ገደቡ 3 ይሁን፤ በዚህ ሁሉ ልንከራከር እንችላለን። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የራሳቸውን አማራጭ ቢያቀርቡ በደስታ አነባለሁ፤ ምላሽም እሰጣለሁ።